የወይባው ጢስና ቢጫው ሳጥን

ሁሉም ነገር የጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቆቦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ባጃጆቹ ጥላ ይዘው ይቆማሉ፣ ባለሱቆቹ ከመደርደሪያው ጀርባ ያንቀላፋሉ። እኛ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ከውጭ አገር ላቦራቶሪ የመጣ ውጤት ሲነበብልን እናዳምጥ ነበር። አንባቢው አለቃችን ነበር። ያን ጊዜ «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ይህንንም እንደ ካሳ ቆጥሬዋለሁ።

ሥራችን የውኃ ዕድሜ መለየት ነበር። በራያ ቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ ይፈልግ ነበር፤ ጉድጓዱ ከመብዛቱ በፊት ግን ከሥር ያለው ውኃ በየክረምቱ የሚተካ ይሁን ወይስ ከጥንት የተጠራቀመ፣ መታወቅ ነበረበት። ይህን የሚናገረው ውኃው ውስጥ ያለው ራዲዮካርቦን ነው። ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአየርና ከአፈር ይህን ካርቦን በጥቂቱ ይዞ ይወርዳል፤ ከመሬት በታች በቆየ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ብዙ ካለው ውኃው አዲስ ነው፣ ትንሽ ካለው ያረጀ ነው። እኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ ወደ አገሬ ስመለስ የተሰጠኝ ሥራ ከየጉድጓዱ አፍ ጠርሙስ መሙላት ነበር። ቱቦውን እስከ ጠርሙሱ ሥር አስገብቶ፣ ውኃው ሞልቶ ለረጅም ጊዜ እስኪፈስ ጠብቆ፣ አንዲት የአየር አረፋ ሳያስቀሩ ክዳኑን መግጠም። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ እንደ እኔ የሚሞላ አልነበረም። ዓይን አፋር ነኝ፤ ስለራሴ እንዲህ ብዬ መናገር የምችለው በዚህ ሥራ ብቻ ነው።

ጠርሙሶቹን የምናዘጋጀው ከግቢው ዛፍ ሥር በቆመ ነጭ ኮንቴይነር ውስጥ ነበር። ኮንቴይነሩ ቀድሞ በባሕር ምርምር መርከብ ላይ ተጭኖ የሚዞር ላቦራቶሪ ነበር፤ ለእኛ በውሰት ተሰጥቶ በጅቡቲ በኩል መጣ። በማዕዘኖቹ ላይ ጨው ሠርቶበት ስለነበር የሰፈሩ ሰው «መርከቡ» ይለዋል። ባሕር አይቶ የማያውቅ አገር፣ የራሱ መርከብ ነበረው።

የዚያን ሐሙስ የተነበበው ውጤት ማንም ያልጠበቀው ነበር። ከአንዳንዶቹ ጠርሙሶች የተገኘው ካርቦን ዛሬ በሕይወት ካለ ዛፍ ውስጥ ከሚገኘው እንኳ እጅግ ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለ ውኃ በተፈጥሮ የለም።

«እንግዲህ ገና ያልዘነበ ውኃ ነው የምንጠጣው በሉኛ» አለ ሾፌሩ። ክፍሉ ሳቀ።

አለቃዬ አልሳቀም። ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ዓይኑ ለአፍታ ወደ በሩ ሥር ሄደ። እዚያ ቢጫ አይስቦክሱ ነበር። ሳጥኑ ከእጁ አይለይም፤ ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው የሰብል ምርምር ጣቢያ ይዞት የመጣ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መያዣው በገመድ የተጠገነ። ምሳውን ይይዝበታል፣ መስክ ስንወጣ ደግሞ የጠርሙሶቼን ክዳንና ቱቦውን ይጭንበታል። ወደ ሳጥኑ ማየቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ ምን እንዳየሁ አላወቅሁም። ከዚያ ዓይኑን መልሶ እኔ ላይ አደረገ።

«አንቺ፣ እጅሽን እስቲ አሳዪን» አለ።

እጄን ዘረጋሁ። መዳፌና ጣቶቼ ቢጫ ቀለም ይዘው ነበር። እህቴ በዚያ ሳምንት ሙሽራ ነበረችና ከወራት በፊት ጀምሮ ከእሷ ጋር ጢስ እሞቅ ነበር። የወይባ ጢስ ለማያውቀው፦ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወይባ እንጨት ይጨስበታል፣ ሴት ልብሷን አውልቃ በጋቢ ተሸፍና ከላዩ ትቀመጣለች። ሰውነት ይለሰልሳል፣ ቆዳ ቢጫ ይሆናል። የሴቶች ጓዳ ነገር ነው። አባቴ ፊት እንኳ አይነሳም።

«ጢስ ማለት ካርቦን ማለት ነው» አለ ለሁሉም። «የእኛ ወጣት ባለሙያ ወይባ ሞቃ፣ በዚያው እጇ ጠርሙስ ስትከድን ከርማለች። መሣሪያው የቆጠረው የራያን ውኃ ሳይሆን የእሷን ገላ ነው።»

ሳቁ ከቆርቆሮው ላይ ተመልሶ የሚወርድ መሰለኝ። አንደኛው ጉድጓድ ቆፋሪ ሙሽራው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ሽታው እስከ ጎብዬ ይደርሳል አለ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜ ነበር፤ መሰብሰብ እንዳለብኝ ጠፋኝ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ መልሱን ማወቄ ነው። ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ጢስ የዛፍ ነው፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ዛፉ ካለው አይበልጥም። ያረጀን ውኃ በጢስ ብታጥነው የዛሬ ሊያስመስለው ይችል ይሆናል፤ ከዛሬ አሳልፎ ሊወስደው ግን አይችልም። ለዚያ ሰው ሠራሽ የሆነ፣ በፋብሪካ የተጠናከረ ራዲዮካርቦን ያስፈልጋል። ይህን ለመናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌ አልተከፈተም። እሱም እንደማይከፈት ያውቅ ነበር፤ የመረጠኝም ለዚያ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠርሙስ እንዳልነካ ተከለከልኩ። ዕቃ ቤት ተመደብኩ። ስሜም ተቀየረ። «ወይባ፣ ቁልፍ አምጪ»፣ «ወይባ፣ ገመዱን የት አደረግሽው» ይሉኝ ጀመር። ስሙ ከግቢው ወጥቶ ሚኒባስ መናኸሪያው ደረሰ። አንድ ቀን ጎብዬ አንድ ካፌ ውስጥ ሻይ ይዤ ስቀመጥ ከኋላዬ «ውኃውን ያጨሰችው እሷ ናት» ሲባል ሰማሁ። እህቴ ወሬው ሲደርሳት በእኔ ሠርግ የመጣ ነው ብላ አለቀሰች። ያችን ልቅሶም በእሱ ዕዳ ላይ ጻፍኳት።

አባቴ ለአላህ ስጪው አለኝ። አልሰጠሁም። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ቧንቧና ብሎን እየደረደርኩ እሱን በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንዳዋረድኩት ልናገር አልችልም። አንዳንዴ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞ፣ እኔ በሚኒባስ ሳልፈው። አንዳንዴ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ንግግሩ ጠፍቶት። ግን ማብቂያው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ እጁን ይዘረጋል፣ ሰው ሁሉ ያያል። ሌላ ነገር አልመኝለትም ነበር። ሞቱንም፣ ድህነቱንም አልፈለግሁም። የተዘረጋ እጁን ብቻ።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ኮንቴይነሩ ወደ ባለቤቶቹ ሊመለስ ሆነ። መልሶ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት አንዲት ፈረንጅ ባለሙያ መጣች። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። ሥራዋ የምርምር መርከቦች ከሰው ሠራሽ ራዲዮካርቦን ንጹሕ መሆናቸውን መፈተሽ ነው። ባሕር ላይ አንድ ተመራማሪ ለሙከራው የተጠናከረ ካርቦን ትንሽ ጠብታ ቢያፈስስ፣ በጫማና በበር እጀታ ላይ ተይዞ መርከቡን ሁሉ ይዞራል። ለሰው ጤና የሚያሰጋ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ግን ሌላ ሰው የባሕሩን ውኃ ዕድሜ ሊለካ ሲመጣ የወራት ድካሙ ይበላሻል። ስለዚህ ከየጉዞው በፊት ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ደረጃውን፣ የምግብ ቤቱን በር ሳይቀር በእርጥብ ወረቀት ይጠርጋሉ፤ ወረቀቱም ይቆጠራል።

«መርከብ ላይ ንጹሕ ነኝ የሚልን ሰው አናምንም» አለችኝ። «ካፒቴኑንም ቢሆን። የምናምነው ወረቀቱን ነው።»

አለቃዬ በፓፓያና በማንጎ ተቀበላት። ችግሩ ከየት እንደመጣ አስቀድሞ እንደታወቀ ነገራት፤ የወይባውን ታሪክ በእንግሊዝኛ፣ ለእሷ እንዲመች አድርጎ እያሳሳቀ ተረከላት። እሷ ማንጎዋን ጨርሳ እጇን ታጠበች። ከዚያ እንግሊዝኛ የምትችል ረዳት እንደምትፈልግ ተናግራ ወደ እኔ ጠቆመች። እሱም ዕቃ ቤት ካለሁት ከእኔ ሌላ ሥራ ፈት ሰው አልነበረውምና ፈቀደ።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ጓንት እየሰጠችኝ «ጢስ አይደለም። አንቺም ታውቂዋለሽ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

ጓንቱን ማጥለቅ ጀመርኩ። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ሥራውን ታሳየኝ ጀመር። ክብ የማጣሪያ ወረቀት በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ይረጥባል፣ የአንድ መዳፍ ስፋት ባለው ቦታ ላይ እየታጠፈ እንደ እባብ ይሄዳል፣ ከዚያ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ጓንት። የመጀመሪያው ወረቀት ግን ምንም ሳይነካ እንዲሁ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር እንዲነጻጸሩ። ያቺን ምንም ያልነካች ወረቀት ወደድኳት።

ኮንቴይነሩን ስንጨርስ ከውጭ እየገባ የሚወጣ ዕቃ ካለ እሱም እንዲጠረግ ነገረችኝ። ልቤ ወደ ቢጫው ሳጥን ሮጠ። ያን ሐሙስ የእሱ ዓይን ወዴት እንደሄደ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሰብል ምርምር ጣቢያ። ማሽላ ምን ያህል ምግብ እንደሚሠራ ለማወቅ ተክሉን የተጠናከረ ካርቦን ያስተነፍሱታል፤ ናሙናውንም እንዲህ ባለ ሳጥን ያመላልሱታል። ዩኒቨርሲቲ ተምረነዋል።

ቢሮውን አንኳኳሁ። ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ስልክ ያወራ ነበር።

«ምን ፈለግሽ?»

«እንድጠርግ ታዝዤ ነው።»

«ጥረጊ» አለ፤ ከስልኩ ማዶ ላለውም ሰው እየሳቀ «አሁን ገና የሚሆናት ሥራ ተገኘላት» አለው። ከወንበሩ ሳይነሳ ሁለት እግሩን ከፍ አደረገልኝ፣ ለጽዳት ሠራተኛ እንደሚደረገው። ከእግሩ ሥር ያለውን ወለል ጠረግሁ። እግሩን እንዳነሣ ስለቆየ አልቸኮልኩም። ከዚያ ጓንት ቀየርኩና የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩ።

እግሩ ወረደ። «እሱ ምሳዬ ነው» አለ።

«ምሳዎን አልነካም» አልኩት።

የሳጥኑን ወለል፣ ግድግዳውን፣ ክዳኑን፣ በገመድ የተጠገነውን መያዣ ለየብቻ ጠረግሁ። ስልኩን ዘግቶ ያየኝ ነበር። ሊከለክለኝ ይችል ነበር፤ በሩ ላይ ግን ሽበታሟ ሴት ብልቃጦቹን ይዛ ቆማ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ብልቃጦች ለምኜ ወደ ቤት ሄድኩ። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆቦና በዋጃ መካከል ነው። የወይባውን ጉድጓድ ጠርዝ፣ እህቴ የተሸፈነችበትን ጋቢ፣ የራሴን ሁለት መዳፍ ጠረግሁ። እናቴ ቆማ እያየችኝ ጉድጓድ በወረቀት የሚጠረግበት ትምህርት ይሄ ነው ወይ አለች። በማግስቱ ለሴትዮዋ ስሰጣት ፈገግ አለች። ስትሄድ ማለዳ ነበር፤ የምታምነው ወረቀቱን ብቻ ቢሆንም፣ ትከሻዬን ያዝ አድርጋኝ ሄደች።

ውጤቱ የመጣው ክረምቱ ከተረሳ በኋላ ነው፤ ኮንቴይነሩም እስከዚያ ከግቢው አልወጣም ነበር። በኢሜይል ለእኔም ለእሱም በአንድ ጊዜ ተላከ፤ ጠራጊዋ እኔ ነበርኩና ስሜ ሰፍሯል። ቆቦ ከአንዱ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ገጹ እስኪከፈት ጠበቅሁ። የወይባው ጉድጓድ ምንም ካልነካችው ወረቀት ጋር እኩል ነበር። ጋቢውም፣ መዳፌም እንዲሁ። ኮንቴይነሩ ውስጥ ሳጥኑ ይቀመጥበት የነበረው ጠረጴዛ ተበክሏል። ሳጥኑ ግን ጉድ ነበር። መያዣውም፣ ወለሉም። ከሥሩ ሴትዮዋ ጻፈች፦ ሳጥኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከግቢው ይውጣ፣ ሲገለገልበት የነበረው ሰው እጅም ይጠረግ፤ መርከብ ላይ ደንቡ ይኸው ነው።

ያችን የመጨረሻ መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ከዚያ ውጤቱን በሁለት ቅጂ አሳተምኩ።

ቤት ስደርስ ሽማግሌዎች ቀድመውኝ ነበር። ሦስት ናቸው፤ አንዱ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። ጀምበር ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል፣ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎላቸዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ ከመጣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ሴት ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ነገር አታስረዝምም። አለቃዬ ይህን ያውቃል። ቀኑ ሳይመሽ የላካቸው ለዚያ ነው።

ሰውየው የልጆች አባት እንደሆነ፣ ሳጥኑ ያን ዓይነት ነገር እንዳለበት እንደማያውቅ፣ ወረቀቱ ለሰው ቢነበብ ከእንጀራው እንደሚፈናቀል አስረዱኝ። ጠርሙስሽ ይመለስልሻል ብሏል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አሉ። ገበና መሸፈን ከአላህ ዘንድ ያለውን ምንዳ አነሡ። አባቴ ምንጣፉን እያየ «የተሰደበችው እሷ ናት፤ እሷ ትናገር» አለ።

በዚህ ጊዜ አፌ ተከፈተ።

«እሳቸው በጓዳ ሰድበውኝ ቢሆን በጓዳ አውፍ ብዬ እምራቸው ነበር። የሰደቡኝ በአደባባይ ነው።»

«እሺ ልጄ፣ ምን ያድርጉልሽ?» አለኝ የአባቴ ጓደኛ።

«እጃቸውን ያሳዩኝ።»

ተያዩ። «እጃቸውን?»

«አዎ። ነገ ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ፣ ሠራተኛው ባለበት። ሌላ ምንም አልጠይቅም። ለበላይም አልከስም።»

ፊታቸው በራ። ከብዙ ነገር ፈርተው ነበር የመጡት፤ እኔ ግን የጠየቅሁት እንደ ሰላምታ ያለ ቀላል ነገር መሰላቸው። አንዱ ሽማግሌ ሳቀና «እጅማ ምን አለው፣ አላህ ይባርክሽ» አለ። ፋቲሃውን ከቁርኣን ቀርተው፣ መርቀውኝ ሄዱ። አባቴ ግን አልሳቀም። ትንሽ አየኝና «ይህን ቂም ከማን ወረስሽው?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ግቢው ገባሁ። የቢሮው ቁልፍ እኔ ዘንድ ዕቃ ቤት ነበርና፣ ጓንት አጥልቄ ቢጫውን ሳጥን ከቢሮው አወጣሁና ዛፉ ሥር፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከጎኑ ወረቀቱን፣ መቆንጠጫውን፣ ሴትዮዋ ትታልኝ የሄደችውን ብልቃጥ ደረደርኩ። አንዱን የታተመ ውጤት በኮንቴይነሩ በር ላይ ለጠፍኩ። ለበላይ አልከስም አልኩ እንጂ አልለጥፍም አላልኩም።

ሾፌሩ መጥቶ አነበበ፤ እንግሊዝኛው ሲያስቸግረው ወደ እኔ ዞረ። «ወይ... » ብሎ ቆመና በስሜ ጠራኝ። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ምን እንደሚል ጠየቀኝ።

«የወይባው ጉድጓድ ንጹሕ ነው ይላል። የእኔ እጅም ንጹሕ ነው ይላል። ውኃውን ያበላሸው ይሄ ሳጥን ነው ይላል» አልኩ። ቆፋሪዎቹ ሁሉ ሰሙ። ሙሽራው ማን ነው ያለው ቆፋሪ ጫማውን ማየት ጀመረ።

አለቃዬ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። ነገሩ በእጅ መጨባበጥ የሚያልቅ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር የመጣው። ሳጥኑን አየ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ክብ ሠርቶ የቆመውን ሰው አየ። ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ሽማግሌ ልኮ ተስማምቷል።

«እጅዎን እስቲ ያሳዩን» አልኩት።

ዘረጋ። ቀኝ መዳፉን ያዝኩና ወረቀቱን አረጠብኩ። ከአውራ ጣቱ ጀመርኩ። በጣቶቹ መካከል፣ በጥፍሮቹ ሥር፣ በመዳፉ መስመር ሁሉ ላይ፣ እንደተማርኩት እንደ እባብ እያጣጠፍኩ ሄድኩ። ስንት ጊዜ ከሳሙና ጋር የተገናኘ እጅ ነው፤ ወረቀቱ ምንም እንደማያገኝ አውቅ ነበር። ማንም አልሳቀም። ዝምታው ከሳቁ ይሻላል፤ ይረዝማል። ወረቀቱን ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ጓንቴን አወለቅሁና አዲስ ጓንት ማጥለቅ ጀመርኩ፣ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት እያልኩ።

ጎንበስ ብሎ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «አልበቃሽም?» አለኝ።

«የግራው ይቀራል» አልኩት።